አማካዩ ቁጥር የማያያት እናት

እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በሰበሰባቸው ባለሙያዎች ፊት 1,749 የጤና አገልግሎቶችን የያዘ ዝርዝር ቀርቦ ነበር። ክትባት አለበት፣ የወሊድ አገልግሎት አለበት፣ ቀዶ ሕክምና አለበት፣ የአእምሮ ጤና አለበት። የአገሪቱ ገንዘብ ለሁሉም እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ስለዚህ ተመሳሳዩ እየተጣመረ፣ ለአገሪቱ ሁኔታ የማይሆነው እየወጣ ዝርዝሩ ወደ 1,018 ወረደ። ከእነዚህ ውስጥ 594ቱ ከፍተኛ ቅድሚያ ተሰጣቸው። 570 አገልግሎቶች በነጻ እንዲሰጡ፣ ከቀሩት በአብዛኞቹ ታካሚው ወጪውን እንዲጋራ፣ ለጥቂቶቹ ደግሞ ሙሉ ዋጋቸው እንዲከፈል ተወሰነ።

አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ደርሳ «ይህ በነጻ ነው» ወይም «ይህ ይከፈልበታል» ስትባል፣ መልሱ የሚመነጨው ከእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ነው። መመዘኛዎቹ ሰባት ነበሩ፦ በሽታው የሚያደርሰው ጉዳት፣ የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን በሕክምና ወጪ ከመደህየት የመጠበቅ አቅም፣ በበጀት ላይ የሚያሳድረው ጫና፣ የሕዝብ ተቀባይነት እና የፖለቲካ ተቀባይነት። ነገሩ በግምትና በሥልጣን ብቻ አልተወሰነም፤ ከዓለም አቀፍ ጥናቶችና ከአገር ውስጥ መረጃ የተውጣጣ ማስረጃ ቀርቦበታል። የጤና ገንዘብ በለጋሾች ፍላጎት ወደዚህም ወደዚያም በሚሳብበት ዓለም ይህ በግልጽ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ብዙ ዜና አለመሆኑ ያሳዝናል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚጀምረው ከምስጋናው በኋላ ነው። ማስረጃን አሰባስቦ መመዘን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በተሰበሰበው ማስረጃ ውስጥ የሌለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ከሰባት መመዘኛዎች አንዱ ሆኖ፣ ምልክት ተደርጎበት የሚታለፍ ከሆነ፣ በቅን ልቦና የተነደፈ ፖሊሲ ራሱ ድሃውን ሊጎዳ ይችላል። አባባሉ የተጋነነ ቢመስልም በተግባር የታየ ነገር ነው።

በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ከተማ ግርሃም ሊጊንስ የተባሉ ሐኪም በበጎች ላይ ምርምር ሲያካሂዱ፣ ኮርቲኮስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች የተሰጣቸው ግልገሎች ጊዜያቸው ሳይደርስ ቢወለዱም ሳንባቸው እንደሚሠራ አስተዋሉ። ከባልደረባቸው ከሮስ ሆዊ ጋር ሆነው ነገሩን በእናቶች ላይ ሞከሩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተሙ። ያለ ጊዜያቸው ሊወልዱ የተቃረቡ 282 እናቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። መርፌውን ካገኙት እናቶች ልጆች መካከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ልጆች መካከል ግን 15 በመቶ ሞቱ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ለመስጠትም መርፌ የሚወጋ ሰው ብቻ ይበቃል።

በቀጣዮቹ ዓመታት በየአገሩ ተመሳሳይ ሙከራዎች ተደረጉ። አንዳንዶቹ ያካተቷቸው እናቶች ጥቂት ስለነበሩ ብቻቸውን ሲታዩ አያሳምኑም። ሐኪሙም አንዱን አንብቦ ሌላውን ሳያይ በለመደው መንገድ ይቀጥላል። በየመጽሔቱ የተበተኑት ውጤቶች ተሰብስበው በአንድ ላይ የተመዘኑት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሲደመሩ ጥርጣሬው ጠፋ፤ መድኃኒቱ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ይቀንሳል። ማስረጃው ለዓመታት ነበረ፤ ያልነበረው ሰብሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኦክስፎርድ የተመሠረተውና በብሪታኒያዊው ሐኪም በአርቺ ኮክሬን ስም የተጠራው ተቋም፣ የሰባት ሙከራዎችን ውጤት የሚያሳየውን ሥዕል የራሱ አርማ አድርጎታል። በመዘግየቱ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጨቅላዎች ያለ አግባብ ሳይሞቱ እንዳልቀሩም ተቋሙ ይገምታል።

የማስረጃ ማጠናቀርን ጥቅም የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ለድሃ አገሮች የሚበልጠው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች ጥቅሙ የተረጋገጠ መድኃኒት ለድሃ አገር ጨቅላም ይድረስ ማለት ተገቢ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ይህን መነሻ በማድረግ በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ውልደቶችን ያካተተ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። ከሆስፒታል ርቀው የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሠልጥነው መርፌውን መስጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት መጽሔት የወጣው ውጤት ግን አስደንጋጭ ሆነ። መርፌው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት በአማካይ 27.4 የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር ሲሞቱ፣ በሌሎቹ አካባቢዎች የሞቱት 23.9 ነበሩ። ከሁሉ በላይ ይጠቅማቸዋል የተባሉት ትናንሾቹ ጨቅላዎች አልተጠቀሙም፤ በእናቶች ላይ የሚጠረጠር ኢንፌክሽን ደግሞ ጨመረ።

ያ ሁሉ ማስረጃ የት ሄደ? ማስረጃው ሐሰት አልነበረም። የተሰበሰበው ግን የእርግዝናው ሳምንት በሚታወቅበት፣ ሕፃኑ ሲወለድ ኦክስጅንና ማሞቂያ በሚያገኝበት ቦታ ነው። አልትራሳውንድ በሌለበት ገጠር የእርግዝና ዕድሜ የሚሰላው የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበትን ቀን በማስታወስና ሆድን በመለካት ነው። በሙከራው መርፌውን ካገኙት እናቶች የብዙዎቹ ልጅ ጊዜውን ጠብቆ የሚወለድ፣ መድኃኒቱ የማያስፈልገው ነበር። በእርግጥ ያለ ጊዜው የተወለደውም ቢሆን የሚንከባከበው ክፍል አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2015 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መድኃኒቱ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ሲታወቅ፣ እናቲቱ ኢንፌክሽን የሌለባት ስትሆን፣ የወሊድም የጨቅላም እንክብካቤ ባለበት ብቻ እንዲሰጥ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሙከራ መልሱን ሙሉ አደረገው። በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን 29 ሆስፒታሎች ውስጥ 2,852 እናቶች ተካፈሉበት፤ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተረጋገጠ፤ ሆስፒታሎቹም ለጨቅላዎች የሚሆን እንክብካቤ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት መድኃኒቱን ካገኙት እናቶች ሕፃናት መካከል 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት መካከል 23.5 በመቶ ሞተዋል። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆሟል። አሁንም ድሃ አገሮች ናቸው፤ አሁንም ያው መድኃኒት ነው። ልዩነቱ ያለው በመርፌው ዙሪያ በነበረው ነገር ነው።

ስለዚህ ለገጠሯ እናት ፍትሐዊው ፖሊሲ መርፌውን ብቻ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አይደለም። አልትራሳውንዱን፣ የጨቅላ ክፍሉንና የሠለጠነችውን ነርስ አብሮ መላክ ነው። ያ ካልተቻለ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት እነዚህ ወዳሉበት ሆስፒታል የምትደርስበትን አምቡላንስና መንገድ ማዘጋጀት ነው። ዋጋው ይወደዳል። ርካሹን መንገድ መርጦ «ተዳረሰ» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

የአፍሪካ ሕፃናት ይህን መሰል ትምህርት አንድ ጊዜ ብቻ አላስተማሩም። በከባድ ኢንፌክሽን የደም ዝውውሩ የተዳከመ ሕፃን በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሩ እንዲገባለት ማድረግ በሀብታም አገሮች የተለመደ ሕክምና ነው። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዩጋንዳ 3,141 ሕፃናት የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ በ48 ሰዓት ጊዜ ወደ 10.5 በመቶ የሚጠጉት ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ናቸው። እነዚህ ሕፃናት ባይጠኑ ኖሮ ከሌላ አህጉር የተቀዳው መመሪያ እስከ ዛሬ ሳይጠየቅ ይሠራበት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የአማካይ ቁጥር ችግር ይብሳል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን 48 በመቶ ደረሱ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ1,000 ውስጥ ከ166 ወደ 59 ወርዷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የለፉበት እውነተኛ ድል ነው። ይሁን እንጂ 48 በመቶ የሚባል ቦታ በአገሪቱ ካርታ ላይ የለም። በዚያው ዳሰሳ አዲስ አበባ ላይ 95 በመቶ የሚሆኑት እናቶች በተቋም ሲወልዱ፣ በሶማሌ ክልል የወለዱት 23 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያው ወር የሚከሰተው ሞትም ከሌላው በዝግታ ነው የቀነሰው፤ ከ1,000 ውስጥ ከ49 ወደ 33። ቁጥሮቹ ደግሞ የተሰበሰቡት ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው፤ የተዘረፈውንና የተቃጠለውን ጤና ጣቢያ አያውቁትም።

ብራዚላዊው ተመራማሪ ሴዛር ቪክቶራ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳስረዱት፣ አዲስ የጤና አገልግሎት ሲጀመር ቀድሞ የሚደርሰው የተሻለ ኑሮ ላለው ነው፤ ስለዚህ አማካዩ እየተሻሻለ ሳለ በሀብታሙና በድሃው መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ ይሰፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የተመረጡት 13 ወረዳዎች ከትግራይ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከቀድሞው ደቡብ ክልል ነበሩ፤ ከአፋርም ሆነ ከሶማሌ ክልል አንድም አልነበረም። ለአስተዳደር የሚመች ቦታ ላይ መጀመር የሚገባ ምክንያት አለው። ሆኖም ደገኛው ገበሬ ምርቱን ሰብስቦ መዋጮውን በሚከፍልበት ወረዳ የተገኘ ማስረጃ፣ ከብቱን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚንቀሳቀሰው ቤተሰብ መቼና የት እንደሚመዘገብ ሊነግረን አይችልም።

ማስረጃ ሲሰበሰብ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስለማይበቃም የአጎበርን ነገር ማየት ይጠቅማል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ፣ በአጎበር ከሚጠበቁ 1,000 ሕፃናት በየዓመቱ ወደ 5.5 የሚሆኑትን ሕይወት እንደሚያተርፍ፣ በአፍሪካ የተደረጉ ሙከራዎች ተጠናቅረው እ.ኤ.አ. በ2004 ተረጋግጧል። ይህ የሚሠራ መሆኑን ነው የነገረን። ይሸጥ ወይስ በነጻ ይታደል የሚለው ክርክር ግን ቀጠለ። ሕዝብ በነጻ ያገኘውን አያከብርም፣ ዓሣ ያጠምድበታል የሚሉ ነበሩ። ጄሲካ ኮሄንና ፓስካሊን ዱፓ በምዕራብ ኬንያ የነፍሰ ጡሮች ክትትል ክፍሎች ውስጥ ነገሩን ፈተኑት። አጎበሩ ከነጻ ወደ 0.60 ዶላር ሲለወጥ የሚወስዱት እናቶች ቁጥር በ60 መቶኛ ነጥብ ወረደ። በነጻ የወሰዱት ደግሞ ከገዙት ባልተናነሰ ሁኔታ ተጠቀሙበት። በጤና አገልግሎቶች ጥቅላችን፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ በተጠቀሰው ዝርዝር ውስጥ፣ ወጪ ይጋራባቸዋል የተባሉት 38 በመቶ የሚሆኑ አገልግሎቶች፣ እያንዳንዳቸው ይህን ጥያቄ በግልጽ ሊመልሱ ይገባል፤ ክፍያው ማንን ከበር ይመልሳል?

ቁጥር የማይመልሰው ጥያቄም አለ። እናቶች በጤና ተቋም ሲወልዱ ስለሚደርስባቸው በደል ከ34 አገሮች የተሰበሰቡ 65 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ስድብ፣ ጥፊ፣ ብቻን መተው፣ ገመናን አለመጠበቅ በየአገሩ ተደጋግሞ ተገኝቷል። መንገድ ቢሠራም፣ አምቡላንስ ቢመጣም፣ ክብሯ የተነካባት እናት ሁለተኛ አትመለስም፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች። በአገራችን አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚበላበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ቤተሰብ የሚገባበት የእናቶች ማቆያ ያዘጋጁት እናቶችን ጠይቀው ምክንያታቸውን ስለሰሙ ነው። የእናቶች ቃል እንደ መድኃኒት ሙከራው ሁሉ በሥርዓት ሊሰበሰብና ሊመዘን የሚገባው ማስረጃ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። ሚኒስትሩ ነገ መወሰን አለባቸው፣ ተመራማሪው ሦስት ዓመት ይፈልጋል ይባላል። ክርክሩ ቀድሞ ክብደት ነበረው። በኮቪድ ጊዜ ግን ተፈትኖ ወደቀ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በብሪታኒያ በተደረገ ሙከራ ዴክሳሜታዞን በጽኑ የታመሙ ሰዎችን ሞት እንደሚቀንስ ሲገለጽ፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በዚያው ወር መድኃኒቱ ለጽኑ ሕሙማን እንዲውል መከረ። ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት 1,703 ሕሙማን የተካተቱባቸውን ሰባት ሙከራዎች አጠናቅሮ ምክረ ሐሳቡን አወጣ። ዴክሳሜታዞን ከጨቅላዎቹ መድኃኒት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ያኔ 17 ዓመት የፈጀው ሥራ አሁን ሦስት ወር አልሞላውም። ፈቃዱና ገንዘቡ ሲኖር ጊዜ ሰበብ አይሆንም።

በአገር ውስጥም ሙያው አለ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጥናቶችን አጠናቅሮ ለፖሊሲ አውጪዎች የሚያቀርብ የሥራ ክፍል አቋቁሟል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ የቆመ ማዕከል አለ። የሚጎድለው ግዴታው ነው። አንድ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ከመጽደቁ በፊት የተመሠረተበት ማስረጃ ማጠቃለያ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ማጠቃለያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በትግርኛ ይነበብ። የትኞቹ ጥናቶች እንደተካተቱ ብቻ ሳይሆን አርብቶ አደሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ተፈናቃዩ፣ የከተማው የቀን ሠራተኛ በጥናቶቹ ውስጥ እንዳሉና እንደሌሉ በግልጽ ይጻፍ። ባለሥልጣኑ ከማስረጃው የተለየ ውሳኔ የመወሰን መብት አለው፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ገበሬውና ነጋዴው ግብር የሚከፍሉበት ውሳኔ ስለሆነ ይህን መጠየቅ መብታቸው ነው።

ገንዘቡም ከመንግሥት በጀት ቢመደብ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ከላይ የተጠቀሱትን ዳሰሳዎች በብዙ አገሮች ይደግፍ የነበረው ፕሮግራም በድንገት ቆመ። የአዲስ አበባንና የሶማሌ ክልልን እናቶች ልዩነት ያሳየን ያ ዳሰሳ ነው። ሌላ አገር ባደረገው ምርጫ የገዛ አገሩን ድሃ መቁጠር የሚያቆም መንግሥት ፍትሐዊ ፖሊሲ ሊነድፍ አይችልም። ለዳሰሳው የሚያስፈልገው ወጪ ደግሞ ከጤናው ዘርፍ አጠቃላይ ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

የጤና አገልግሎቶች ጥቅሉ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ቀጥሎ በ2019 ተከልሷል፤ እንደገና መከለሱ አይቀርም። ያኔ 570ዎቹን ነጻ አገልግሎቶች በስም ከመዘርዘር ባለፈ፣ በእያንዳንዱ አጠገብ በየክልሉና በየኑሮ ደረጃው ስንቱ ሰው በትክክል እያገኘው እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ይቀመጥ። የምክክር ስብሰባዎቹም አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይጠሩ። የመጀመሪያው በሰመራ፣ ሁለተኛው በጎዴ ይሁን፤ በቤታቸው የወለዱ እናቶችና ያዋለዷቸው የልምድ አዋላጆች ከባለሙያዎቹ እኩል ይናገሩ፤ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።